የባብቻ ንስርና የሐጂ አንበሳ

ባለፈው ቅዳሜ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ጎትተው እንጦጦ ፓርክ ይዘውኝ ወጡ። ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው። ከመኪና ወርደን ገና በሩን ሳናልፍ የረጠበ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሸተተኝና ባለሁበት ቀረሁ። አንዷ "ምን ሆንሽ? አመመሽ እንዴ?" አለችኝ። "አላመመኝም፤ አሥር ዓመቴ ነው" አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን የእውነቴን ነበር። ያ ሽታ ሲመጣብኝ ሁልጊዜ አሥር ዓመቴ ነው፤ ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ነው፤ አያቴ ከፊት ከፊቴ ዳገቱን እየወጡ ነው፤ እኔም ተናድጃለሁ።

ተናድጃለሁ ያልኩት እንዲሁ አይደለም። ያን ክረምት ሳልናደድ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

የተወለድኩት ፖላንድ፣ ሉብሊን የምትባል ከተማ ነው። አባቴ ከማል ለትምህርት ሄዶ እዚያው ቀረ፣ እናቴን አገባ፣ እኔን ወለዱ። አሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት አባቴ እዚህ የመንገድ ሥራ አገኘና ሐምሌ ላይ እኔን ይዞ መጣ። እናቴ ነርስ ናት፤ የሥራ ውሏ እስኪያልቅ እስከ ኅዳር እዚያ መቆየት ነበረባት። የአባቴ ሥራ ደግሞ ገጠር ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ ሰኞ በጠዋት ይሄዳል። እኔ አዲስ አበባ፣ ሲግናል ሰፈር፣ አያቴ ቤት ተጣልኩ። "ተጣልኩ" ነበር የምለው ያኔ። ለእናቴም በስልክ እንደዚያው ብዬ አስለቅሻታለሁ።

አያቴን ሰፈሩ በሙሉ ሐጂ ነው የሚላቸው፤ እኔ አባባ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የወሎን መንገድ በአውቶብስ የነዱ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ ላምበረት መናኸሪያ ሄደው የሰሜን አውቶብሶች ሲወጡ ካላዩ ቁርስ አይበላላቸውም። የእኔ ስም ዞፊያ ነው። እሳቸው ገና ከአውሮፕላን ስወርድ "ሶፊያ" አሉኝ፣ በቃ ሶፊያ ሆንኩ። አማርኛ አባቴ እሁድ እሁድ ስላስተማረኝ ስሰማ ደህና ነኝ። ስናገር ግን "ጠ" እና "ቀ" ጉሮሮዬ ላይ ይቀራሉ፤ የሰፈሩ ልጆችም ይህን ለመስማት ብለው ብቻ ሱቅ ድረስ ይከተሉኝ ነበር።

መጀመሪያ የተምታታብኝ ነገር ባንዲራ ነው። ሉብሊን ባብቻ፣ ማለትም የእናቴ እናት፣ ባንዲራዋን የምታስቀምጠው መሳቢያ ውስጥ፣ በአንሶላዎች መሃል፣ ሳሙና ጎኗ አድርጋ ነው። በዓል ሲደርስ ታወጣትና ትተኩሳታለች። ነጩ ከላይ፣ ቀዩ ከታች አድርጋ መስኮት ላይ ትሰቅላታለች። ባንዲራ ወጣ ማለት ትምህርት የለም፣ ኬክ አለ ማለት ነው። እዚህ ስመጣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የሌለበት ቦታ አጣሁ። ሚኒባሱ መስታወት ላይ አለ፣ የሊስትሮው ሳጥን ላይ አለ፣ የባለሱቁ በር ላይ አለ፣ የጎረቤቱ ልጅ ቀበቶ እንኳን ላይ አለ። በየጠዋቱ "አባባ፣ ዛሬ ምን በዓል ነው?" እላለሁ። "ምንም በዓል የለም" ይሉኛል። ኬኩን ደብቀውብኝ ነው የመሰለኝ። በአራተኛው ቀን እግሬን መሬት እየመታሁ አለቀስኩ። አባባ ግራ ገብቷቸው ጎረቤት ጠርተው ልጅቷ ምን እንደምትፈልግ አስጠየቁ።

ሌላው ጥያቄዬ እንስሳው ነበር። እኛ ዘንድ ነጭ ንስር አለ፤ ክንፉን ዘርግቶ፣ ወርቅ ዘውድ ደፍቶ፣ በየክፍሉ ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ይሰቀላል። እዚህ አገር ባንዲራ መሃል ላይ የማየው ግን ኮከብ ነው። "እንስሳው የት ሄደ?" አልኳቸው አንድ ቀን ዝናብ አስጠልሎን በረንዳ ላይ ተቀምጠን።

"እንስሳውማ ነበረ" አሉ አባባ። "አንበሳ ነበረ። ባለ ዘውድ።"

"የእኛም ንስር ባለ ዘውድ ነው። ግን ባብቻ ልጅ ሆና አውልቀውበት ነበር።"

አባባ ዞር ብለው አዩኝ። "ምኑን?"

"ዘውዱን። ባብቻ ትምህርት ቤት እያለች ንስሩ ባዶ ራሱን ነበር። እናቴ ትልቅ ልጅ ስትሆን መለሱለት።"

"ማን ነው ያወለቀበት?"

"መንግሥት።"

"ወላሂ?" ብለው ብድግ አሉ። ጓዳ ገብተው የቆርቆሮ ሳጥን ይዘው መጡ። ውስጡ የድሮ የሥራ ወረቀቶቻቸው ነበሩ፣ ጠርዛቸው የተበላ። አንዱን አወጡና ማኅተሙን አሳዩኝ፤ ዘውድ የደፋ አንበሳ ነው። ሌላ አወጡ፤ ያው አንበሳ ነው፣ ዘውዱ የለም። "አየሽ? እኛም አውልቀንበታል! እኔ ደግሞ በእኛ ብቻ የደረሰ መስሎኝ!" አሉና በሳቅ ፈረሱ። እንባቸው እስኪወርድ ነው የሳቁት። ያን ቀን ነው የወደድኳቸው። እስከዚያ ድረስ ሻንጣዬን አልፈታሁም ነበር፤ ማታውኑ ፈታሁት።

ከዚያ ወዲያ አባባ አንድ ነገር ነገሬ ብለው ያዙ። የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ገብታ የአባቷን አገር መዝሙር ሳታውቅ አፏን ይዛ አትቆምም። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር የእንጦጦን ዳገት ይዘውኝ ይወጣሉ። ያኔ ፓርኩ የለም፤ ባሕር ዛፍና የሚያንሸራትት ቀይ አፈር ብቻ ነው። ከላይ ደርሰን ከተማው ከታች በጉም ተሸፍኖ ሳለ አንድ ስንኝ ይሉልኛል፣ እደግመዋለሁ። "ከሆድሽ አውጪው! አውቶብስ ሙሉ ሰው ይስማሽ!" ይላሉ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቃል አይገባኝም ነበር። ቢሆንም ጳጉሜን ሳይደርስ ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ያዝኩት። አባባ "ማሻአላህ" ብለው ለላምበረት ጓደኞቻቸው ሁሉ አወሩ።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ እኛ አገር በመጀመሪያው ቀን እንደሚለበሰው፣ ነጭ ሸሚዝና ሰማያዊ ቀሚስ ለበስኩ። ባብቻ የሰፋችልኝን የነጭና ቀይ ሪባን አበባም ደረቴ ላይ አደረግሁ። ልጆቹ ሁሉ የደንብ ልብስ ለብሰዋል። አንዱ አበባዬን እየነካ "የሩጫ ሽልማት ነው? ስንተኛ ወጣሽ?" አለኝ። አንደኛ አልኩት። ምን ላድርግ?

ስመዘገብ ሰልፉ አምልጦኝ ነበር። የክፍላችን ኃላፊ ቲቸር ሮማን ከፊት አቆሙኝና "አዲሷ ተማሪያችን ከፖላንድ ነው የመጣችው። ብሔራዊ መዝሙራችንን ቀስ ብለን እናስተምራታለን" አሉ።

"እችላለሁ!" አልኩ።

"ትችያለሽ? እስቲ!"

እጄን ከጎኔ አጣብቄ፣ ተረከዜን ገጥሜ፣ አባባ እንዳሉኝ ከሆዴ አወጣሁት። ክፍሉ ጭጭ አለ። በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቲቸር ሮማን ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ያለቀሱ መስሎኝ ድምፄን ጨመርኩ። ስጨርስ የክፍሉ አንደኛ የሆነችው ቤዛ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ይሄ የማን መዝሙር ነው?"

"የጃንሆይ ጊዜ ነው" አሉ ቲቸር ሮማን እንባቸውን እየጠረጉ። "እኔም አልደረስኩበትም። ማነው ያስተማረሽ የኔ ቆንጆ?"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ጆሮዬ ጭው አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእረፍት ሰዓት ባለፍኩ ቁጥር ልጆቹ "ጃንሆይ መጡ!" እያሉ እጅ ይነሱኝ ጀመር።

ቤት ስደርስ ደብተሬን ወረወርኩ። "አሳቁብኝ! የሞተ መዝሙር ነው ያስተማሩኝ!" አልኳቸው።

አባባ ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው ደፉ። "አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት" አሉ ቀስ ብለው። "ያኔ የተማርኩት እሱን ነው። ከዚያ በኋላ መሪ ነበር የያዝኩት።"

"ሌሎቹንስ አልሰሙም?"

"ሰምቻለሁ። በየመናኸሪያው ቆሜያለሁ፣ መዝሙሩ በተቀየረ ሁለቱንም ጊዜ። ዝፈን ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።"

አፍረው ነበር። ትልቅ ሰው እንደሚያፍር ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ ንዴቴም ከየት መጣ ሳይባል ጠፋ።

በሳምንቱ ቲቸር ሮማን አንድ ዜና ይዘው መጡ። ጥቅምት ላይ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ይከበራል፤ በዚያ ቀን የሚሰቅለው የእኛ ክፍል ነው። ሁለት ልጆች ይመረጣሉ። መዝሙሩን ሳይሳሳት ከክፍሉ ፊት የዘመረ ብቻ ነው የሚመረጠው። እጄ ራሱ ተነሳ። ቤዛ ከፊት ወንበር ዞር አለችና "አንቺ'ኮ ፖላንድ ነሽ፤ የራስሽን ስቀይ" አለችኝ። ደሜ ፈላ። ያን ገመድ ካልያዝኩ እዚህ አገር አንድ ቀን እንደማላድር ለራሴ ማልኩ።

ታዲያ አባባ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የላምበረቱን ነገር ተዉት። በየጠዋቱ እኔን አድርሰው አይመለሱም፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆመው ሰልፉ ሲዘምር ያዳምጣሉ። መንገደኛው ባንዲራው እስኪወጣ ቆሞ ሲሄድ፣ እሳቸው የያዙትን እንዳይረሱ እያጉተመተሙ ወደ ቤት ይወርዳሉ። ማታ የጎደለውን እኔ እሞላላቸዋለሁ። ወደ አሮጌው ዜማ ሲያመልጡ "አባባ፣ መስመርዎን ይያዙ!" እላለሁ። በሹፌርነታቸው ይህ አባባል እንዴት እንደሚያናድዳቸው!

አንድ እሁድ እንጦጦ ላይ ስንለማመድ አንድ ሯጭ ከዛፎቹ መሃል ብቅ አለ፤ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። መዝሙሩን ሲሰማ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ግራ ቀኝ እያየ ባንዲራ ፈለገ፣ አጣ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ። አባባ መሃል ላይ ሳቱና ከመጀመሪያው ጀመርን። ሰውየው ፍንክች አላለም። ደግመው ሳቱ፤ ደግመን ጀመርን። በአራተኛው ላይ "አባቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስንት ጊዜ ነው የምትደግሙት? ሰውነቴ ቀዘቀዘብኝ" አለ።

"ሂድ ልጄ፣ ሂድ! ልምምድ ነው!" አሉት አባባ። ሰውየው እየሳቀ ሮጠ። እኔ ግን የልብ ልብ ተሰማኝ። በእኔ አፍ አንድ ትልቅ ሰው ሩጫውን አቁሟል።

ፈተናው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ ነገር አሳሰበኝ። ፖላንድ አንደኛ ክፍል ስንገባ ለአገራችን ቃል ገብተናል፤ እዚያ የሚደረገው እንዲህ ነው። ዳይሬክተሯ ክንድ የሚያህል እርሳስ ይዘው ይመጡና የእያንዳንዳችንን ትከሻ ነካ ያደርጋሉ፣ በቃ ተማሪ ሆንን። ያን ጊዜ ንስሩ ከሰሌዳው በላይ ሆኖ በአንድ ዓይኑ ሲያየኝ ነበር። አሁን የሌላ አገር ባንዲራ ብሰቅል እርሳሱ ይሽራል ወይ? ባብቻ ብትሰማስ? እንቅልፍ አጣሁ። ጠዋት ለአባባ ነገርኳቸው።

አባባ አልሳቁብኝም። ሻያቸውን አስቀመጡ። "እኔ መካ ሄጃለሁ አይደል?"

"አዎ።"

"እዚያ ቆሜ አልቅሻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ከልቤ አልወጣም። ስመለስ ሲግናልን ጠላሁ?"

"አልጠሉም።"

"በሩ ጠፋኝ?"

"አልጠፋዎትም።"

"ታዲያ አንቺን ማን ነው ምረጪ ያለሽ? ባብቻሽ ትጠይቅሽና እኔ እመልስላታለሁ። አሁን ጫማሽን አድርጊ፣ ረፈደ።"

ፈተናው ዕለት ቤዛ እንደ ሬዲዮ አወረደችው። እኔ ስነሳ ከኋላ "ጃንሆይ!" አለ አንዱ። አልዞርኩም። "ጠ"ውንም "ቀ"ውንም አንድ በአንድ እያነሳሁ፣ እያላበኝ፣ ጨረስኩት። አንድ ቃል አልሳትኩም። ቲቸር ሮማን "ቤዛና ዞፊያ" አሉ። ቤዛ ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ። እኔም መልሼ አጉረጠረጥኩባት፤ ይህን ፖላንድም እንችላለን።

ቅዳሜ አባባ ሁለታችንንም ላምበረት ወሰዱን። ገመድ ሳታውቁ ምን ልትስቡ ነው አሉ። ወዛደሮቹ ከአውቶብሱ ጣሪያ ላይ ጆንያ በገመድ ሲያወጡና ሲያወርዱ ቆመን አየን። ቤዛ መጀመሪያ አፍንጫዋን ይዛ ነበር፤ ኋላ ግን እጇን እየዘረጋች "አንዴ ልሞክር፣ አንዴ!" ስትል ነው የዋለችው። በመንገድ አንድ ሸንኮራ ለሁለት ሰብረን በላን።

ሰኞ ደረሰ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ተሰልፏል፣ ወላጆች መጥተዋል፣ ዳይሬክተሩ ከረባት አስረዋል። አባባ ግቡ ቢባሉ እምቢ አሉ። ከአጥሩ ውጭ የለመዷት ቦታ ላይ ቆሙ። ቤዛ የታጠፈውን ባንዲራ መሬት እንዳይነካ በሁለት ክንዷ አቅፋለች፤ ገመዱ እኔ እጅ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ መዝሙሩ ሲያልቅ ባንዲራው ጫፍ መድረስ አለበት፤ አይቀድምም፣ አይዘገይም።

ተጀመረ። ሳብኩ። ባንዲራው ከቤዛ ክንድ ተነሳ፣ ነፋስ አገኘውና ተዘረጋ። በየስንኙ አንድ ክንድ፣ በየስንኙ አንድ ክንድ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

ሳብኩት። አይሄድም። በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት፤ አይሄድም። ዝናቡ ያራሰው ገመድ ከላይ መዘውሯ ውስጥ ተቀርቅሯል። "ሳቢ እንጂ!" ትላለች ቤዛ በጥርሷ መሃል። "እየሳብኩ ነው!" መዝሙሩ ደግሞ አይጠብቅም፤ ወደ ማለቂያው ይሮጣል። ግማሽ ላይ የቆመ ባንዲራ ሐዘን እንደሆነ ማንም ያውቃል። ከአንደኛ ክፍሎች ሰልፍ አንዲት ልጅ "ማን ሞቶ ነው?" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። መዝሙሩ አለቀ። የአንድ ሺህ ሰው ዓይን ጀርባዬ ላይ ነው። ፈረንጇ ባንዲራችንን አዋረደችው ሊሉ ነው አልኩ በልቤ።

ያን ጊዜ ነው የላምበረቶቹ ሰዎች ትዝ ያሉኝ። ጆንያው ሲይዛቸው አይታገሉም፤ ትንሽ ይለቁለትና ነቅነቅ አድርገው ይወስዱታል። ግን በሰው ሁሉ ፊት የወጣ ባንዲራ ወደ ታች ይለቀቃል? ቤዛን አየኋት። እሷም የእኔኑ እያሰበች ነበር። "ልቀቂለት" አለችኝ።

አንድ ክንድ ለቀቅሁለት። ከሰልፉ "እ!" የሚል ድምፅ ወጣ። ገመዱን ነቅነቅ አደረግሁት። ከላይ ቀጭ አለና ነጻ ሆነ። አሁን ግን መዝሙር የለም፤ ባንዲራ በዝምታ አይወጣም። ምን እንደገባብኝ አላውቅም፣ አፌን ከፍቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ብቻዬን። ከሆዴ።

አንድ ስንኝ ብቻዬን ሄድኩ። በሁለተኛው ላይ ከአጥሩ ውጭ አንድ ሻካራ ድምፅ ተቀበለኝ። አባባ ናቸው። አዲሱን ነው የሚዘምሩት፣ አንድ ቃል ሳይስቱ፣ አውቶብስ ሙሉ ሰው እንዲሰማቸው አድርገው። ከዚያ ቤዛ ገባች። ከዚያ የእኛ ክፍል። ከዚያ ትምህርት ቤቱ በሙሉ፣ ወላጆቹም፣ መንገደኛውም። እየሳብኩ አለቅሳለሁ፣ እያለቀስኩ እዘምራለሁ። የመጨረሻው ቃል ከአፋችን ሲወጣ ባንዲራው ጫፉን ነካ። በልኩ!

ዳይሬክተሩ ማይክራፎኑን ያዙ። "መዝሙሩን ማን ነው ሳይታዘዝ የደገመው?"

እጄን አወጣሁ። የምቀጣ ነው የመሰለኝ። ወደ እኔ መጡና ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩ፣ ፀጉሬን አዩ። "ከየት ነሽ አንቺ?" አሉኝ፤ ማይክራፎኑ ግቢውን ሁሉ አሰማው።

አፌን ከፈትኩ። ሉብሊን ልበል? ሲግናል ልበል? የቱን እንደምል ሳላውቅ ቤዛ ከጎኔ ወደ ማይክራፎኑ ተንጠራራች።

"ከአምስተኛ ቢ ናት!" አለች።

"ከአምስተኛ ቢ ናት!" አለ ክፍሉ በሙሉ፤ ጃንሆይ ሲለኝ የከረመው ልጅ ከሁሉም በላይ ይጮኻል።

ዳይሬክተሩ ሳቁ። "እንግዲያው አምስተኛ ቢ ሳምንቱን ሙሉ ይስቀል" አሉ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።